ዘጠና ስድስት ቁራጭ

ጥቅምት 4 ቀን

እትዬዋ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ስጨርስ «ይኸው ነው? ወይስ ለራስሽ ያስቀረሽው አለ?» አለችኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ፣ አምስት ዓመት ሙሉ፣ ደብዳቤ ሁሉ የጎደለ ነገር አለው ብላ ታምናለች።

ስለ ዓይኗ ለጠየቅሽኝ፣ እንደዚያው ናት። ቅርቡን አታይም፣ ሩቁን ታያለች። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት መርፌውን ትሳደባለች፤ ከምትሠራበት ላውንደሪ በር ላይ ቆማ ግን የማዶውን አውቶቡስ ቁጥር ታነባለች። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት። እሷም መነጽሩ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ አዘዘች።

ከፍታ አትፈሪም ወይ ላልሽውም፣ እፈራለሁ። ፍርሃቱ የሚይዘኝ ግን ወርጄ ምሳ ስበላ ነው፤ ላይ ሆኜ ጊዜ የለኝም። እትዬ፣ ሥራ ማለት አሁን ገባኝ! የጫማ ቤቱ ጫማ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ፣ እስከ ዛሬ የሳልኩት ሁሉ ለካ መለማመጃ ነበር። አሁን የያዝነው ከእማዬ ላውንደሪ ፊት ለፊት ያለውን የሲኒማ ቤቱን የጎን ግድግዳ ነው፣ አምስት ፎቅ ሙሉ። ያን ጸጉረ ረጃጅም የሮክ ባንድ ታውቂዋለሽ፣ እኔ ስፉጭለት አንቺ ትራስ የምትወረውሪብኝን። አዲስ አልበም አወጡ። የማስታወቂያ ድርጅቱ የአልበሙን ሽፋን በሙሉ ግድግዳው ላይ እንድንስልለት አዞናል።

አሠራሩን ብነግርሽ ትስቂያለሽ። አለቃችን፣ እኚያ ጢማቸው ቀለም አጥቶ የማያውቀው ሽማግሌ፣ ፎቶውን ዘጠና ስድስት ቦታ በምላጭ ቆራረጡት። ከእያንዳንዱ ጀርባ ቁጥር ጻፉና አከፋፈሉን። ለእያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን ወለል ላይ እናጋድማለን፣ ፎቶውንም ሰሌዳውንም ዘቅዝቀን እንስላለን። «አፍ መሆኑን ካወቃችሁ» ይላሉ አለቃ፣ «የምታውቁትን አፍ ትስላላችሁ። ፊታችሁ ያለውን ሳሉ፤ ጥላውን፣ ብርሃኑን።» ሙሉውን ፎቶ ከእሳቸው በቀር ያየ የለም። ስለዚህ እኔ አፍ አልሳልኩም፤ የሳልኩት ቁጥር ሠላሳ ስድስትን ነው። ሌላው ድርሻዬ ከወገቤ የሚወፍር ገመድና አንድ ቀይ ቀሚስ ነው። ቀሚሱ ሰባት ቁልፍ አለው፤ አራተኛው በሰማያዊ ክር ነው የተሰፋው። በቀይ ቀሚስ ላይ ሰማያዊ ክር! ልብስ ሰፊዋ ክር አልቆባት ይሆናል ብዬ ሳቅሁ፤ አንቺ ብትሆኚ አታደርጊውም ነበር።

ሰሌዳዎቹ እየተሰቀሉ ነው። ድርጅቱ ምሥጢር ይሁን ስላለ ፊት ለፊቱ ሸራ ተጋርዷል። እኔ በሸራውና በሥዕሉ መካከል፣ መወጣጫው ላይ ቆሜ፣ መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ አስተካክላለሁ። አንድ ጆሮ የቤታችንን በር ያህላል። እትዬ፣ ቆዳ እንዲህ ትልቅ ሲሆን አገር ይመስላል። እጄን ዘርግቼ መዳፌን ጉንጩ ላይ አሳርፋለሁ፣ ማን እንደሆነች ሳላውቅ።

ያንቺው ድንቢጥ

*

ጥቅምት 15 ቀን

ድንቢጥዬ፣

ደህና ነኝ። ይቅርታ፣ ዛሬ ረጅም አልጽፍም።

ከሥዕሉ ሥር ምን ይጻፋል? ሸራውስ የሚወርደው መቼ ነው? ለምን ጠየቅሽ እንዳትዪኝ፣ መልሱን ብቻ ቶሎ ላኪልኝ። እማዬን ደግሞ በዚያ ቀን ከላውንደሪው አስቀሪያት። ሰበብ ፈልጊ፤ ሰበብ ፈልጎ ማግኘት ከልጅነትሽ ጀምሮ ያንቺ ሙያ ነው።

ስለ ቁልፉ ክር፦ አልቆባት አይደለም። አስቸኩለዋት ነው።

እህትሽ

*

ጥቅምት 27 ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሸራው በወረደ ማግስት ነው። ሰበብ የሚሆን ጊዜ አልነበረኝም።

እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ፣ ካልነገርኩሽ አልተኛም። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ድምፅ ማጉያው አዲሱን ዘፈን ይለቃል፤ እኔም በደስታ እዘላለሁ። ገመዱ ተቆረጠና ሸራው ወደቀ። ያ ሁሉ ሰው ቀና አለ።

መጀመሪያ የተሰማኝን አልደብቅሽም። እጄን በአፌ ጫንኩ። መገጣጠሚያ የሚባል አይታይም፤ ዘጠና ስድስቱ ቁራጭ አንድ ሰው ሆኗል። አምስት ፎቅ የሚያህል ሰው ከሲኒማ ቤቱ በላይ ወጥቶ ቁልቁል ያየናል። «እኛ ነን ይህን የሠራነው?» አልኩ። ከዚያ አፉን አየሁት። ቁጥር ሠላሳ ስድስትን ሳይዘቀዘቅ፣ ከሩቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

አንቺ ነሽ። እጆችሽ ከራስሽ በላይ ታስረዋል። ከዓይንሽ ሥር ወይን ጠጅና አረንጓዴ ነው፣ በጡጫ የተመታ ሰው ዓይነት። ያንን ወይን ጠጅ የበጠበጥኩት እኔ ነኝ፤ አለቃ «ጎሽ፣ ሕያው ነው» ብለውኝ ነበር። ምን ተጻፈ ላልሽኝ፣ ይኸው፦ «አልበማችን እንዲህ ያደርጋል። እሷም ወዳ ነው!»

እማዬ ከእኔ ቀድማ አይታሻለች። ላውንደሪው በር ላይ ካውያ ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሦስት ሳምንት ስዳብስሽ ያላወቅሁሽን፣ እሷ ከመንገድ ማዶ ባንድ እይታ አወቀችሽ። ካውያውን አንሶላ ላይ ጥላው ወጣች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ጨርቅ አቃጥላ አታውቅም፤ ያን ቀን አቃጠለች። መጥታ አጠገቤ ቆመችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ወዳ ነው?»

አላውቅም አልኳት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አልተነጋገርንም።

ከተማው ግን ተነጋግሯል! በማግስቱ አሥራ አንዱም የላውንደሪ ሴቶች ሥራ አቁመው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። አንቺ የእማዬ ልጅ መሆንሽን ያወቁ አይመስለኝም፤ ሴት መሆንሽ በቅቷቸዋል። ነርሶቹ መጡ፣ የባቡር ጣቢያ ጽዳት ሠራተኞች መጡ፣ ባሏ እንዳያያት ፊቷን የሸፈነች አንዲትም መጣች። «ይውረድ! ኖራ ይቀባ!» ይላሉ። ባንዱን የሚወዱት ጎረምሶች ደግሞ በወዲያ በኩል ቆመው «ቀልድ ነው፣ ቀልድ አታውቁም?» ይላሉ። የባንዱ ሥራ አስኪያጅ በሬዲዮ ቀርቦ «ጥበብ አይታሰርም» አለ። ይህን የሰማች አንዲት ልብስ ተኳሽ፣ ያች ወፍራሟ የእማዬ ጓደኛ፣ «እንግዲያ ሴትዮዋን ፈትተህ ጥበብህን ማሰር ነበረብህ!» ብላ ብትጮህ ጎረምሶቹ ራሳቸው ሳቁ።

እኔ የት እንደምቆም ጠፍቶኛል። ዘፈናቸውን እወደዋለሁ፤ የከፋው እሱ ነው። አሁንም ሳላስበው እፉጫለሁ፣ ከዚያ አፌን እይዛለሁ።

የከተማው ጽሕፈት ቤት በሁለት ሳምንት እወስናለሁ ብሏል። እትዬ፣ እንዴት እዚያ ደረስሽ? ኖራው ይቀባ ወይስ ምን ይሁን? ግድግዳው ያንቺ ነው፤ እኔ አላውቅም።

ድንቢጥ

*

ኅዳር 9 ቀን

ድንቢጥዬ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ የእኔ ዝምታ ሦስት ዓመት ተቀምጦ ነቅዟል።

ልብስ እሰፋለሁ ብዬ የጻፍኩልሽ እውነት ነው። ቀዩን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ፎቶ ቤቱ ለአንዲት ሞዴል አዝዞት ነበር፤ እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት። አራተኛው ቁልፍ መንገድ ላይ ተነቅሎ፣ እዚያው ቆሜ በእጄ በነበረው ክር ተከልኩት፣ «ቶሎ በይ» እያሉኝ። ሞዴሏ ሳትመጣ ቀረች። ፎቶ አንሺው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ላንቺ ልክ ነው» አለ። ልክ ሆነኝ። ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የምሰፋው ልብስ አንድ ቀን ለእኔ ልክ በመሆኑ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ገመዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨዋታ ነው አሉኝ። ባለ ቀለም የዓይን ኩል አምጥተው ከዓይኔ ሥር ለቀለቁት፤ መስታወት ሲያሳዩኝ ተደብድቤ ነበር። የግራ እጄን ጠባሳ ግን ያስቀይማል ብለው በፓውደር ሸፈኑት። እስቲ አስቢው፣ የውሸቱ ቁስል አምሮ የእውነቱ አስቀየመ። እጄን ወደ ላይ አሰሩት፤ አላመመኝም። አፈርኩ እንጂ። ሳፍር ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ፣ እስቃለሁ። «አትሳቂ» ብሎ ጮኸብኝ፤ ፎቶውን ያነሳው ሳቄን ልውጠው ስል ነው። ቁጥር ሠላሳ ስድስትሽ እሱ ነው። ሲፈቱኝ ወረቀት ሰጡኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ለእማዬ ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው፣ አታሳምሪው። ወድጄ የለበስኩት ቀሚሱን ነው። ገመዱን አልወደድኩትም፤ አልጮህኩም ግን። ፈርሜያለሁ፣ ስቄያለሁ። «እሷም ወዳ ነው» ብለው ሊጽፉብኝ ሲነሱ ግን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ ስሄድ ፎቶው ከአንዱ ግድግዳ ዘሎ ይይዘኛል ብዬ እፈራ ነበር። የትም አልያዘኝም። እናቴን በሯ ላይ ሄዶ ጠበቃት።

ኖራው ይቀባ ወይ ላልሽኝ ነገር ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። አትቀቢኝ። ኖራ ከቀባችሁኝ ከኖራው ሥር ታስሬ ነው የምቀረው፤ ሰውም እንደታሰርኩ ያስታውሰኛል። ካሰሩኝ እጆች አንዱ ያንቺ ነው፣ ሳታውቂ ቢሆንም። እንግዲህ በዚያው እጅሽ ፍቺኝ።

እንጀራሽን የሚያሳጣሽ ከሆነ ግን ተይው፤ አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየምሻለሁ።

እህትሽ

*

ኅዳር 26 ቀን

እትዬዬ፣

ተፈትተሻል።

ስለ እንጀራዬ አታስቢ፤ አለቃ ያሉትን ስትሰሚ ትስቂያለሽ። ጽሕፈት ቤቱ ፈረደ፤ ድርጅቱ ሥዕሉን በራሱ ሰው እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ ትእዛዙም ዞሮ ዞሮ አለቃ እጅ ገባ። ደብዳቤሽን ይዤ ሄድኩና የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩላቸው። ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። ከዚያ የትእዛዙን ወረቀት አነሱና «እዚህ የሚለው ነውሩ ይጥፋ ነው» አሉ፣ «በምን ቀለም እንደሚጠፋ አልጻፉም።» የኖራውን በርሜል በእግራቸው ገፋ አድርገው የቆዳ ቀለም መበጥበጥ ጀመሩ። ሦስት ባልዲ፣ በገዛ እጃቸው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ለአንድ ሠራተኛ ቀለም ሲበጠብጡ አይቼ አላውቅም። ሲያቀብሉኝ ዓይኔን አላዩም። «ሙሉውን ፎቶ ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉ።

ስድስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ጽሑፉን አጠፋሁ። «ወዳ» የሚለው ሲጠፋ ሴቶቹ ከሥር እልል አሉ፤ ብሩሼ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ከዚያ የዓይንሽን ሥር አጠብኩት። ከዚያ ገመዱ መጣ፣ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። ገመድ ማጥፋት ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ገመዱ የነከሰው ቦታ ነው፤ ሥጋው ጎድጉዶ፣ ጥላ ይዞ ቀርቷል። ከሥሩ ያለውን እጅ እንዴት ልሳለው? ፎቶው ላይ የለም። አንቺን ካየሁ አምስት ዓመቴ ነው። መወጣጫው ላይ ብሩሽ ይዤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ከማዶ ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ናት። ላውንደሪው በር ላይ ወንበር አስወጥታ ቆማበታለች፤ በሁለት እጇ ነጭ አንሶላ ይዛለች። «ወፍራም አደረግሽው!» ትላለች፣ «የእሷ እጅ ቀጭን ነው!» ጩኸቷ ካልደረሰኝ በአንሶላው ታመለክተኛለች፤ ወደ ቀኝ ስትወዘውዘው ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ስታደርገው ዝቅ። እስክንጨርስ እንዲህ ሠራን። ቅርብ ያለሁት እኔ አላይም፤ ሩቅ ያለችው ታያለች። እትዬ፣ እናታችን እያንዳንዱን አጥንትሽን ታውቀዋለች። የጣትሽን መገጣጠሚያ፣ የክርንሽን ጉድጓድ። ሰው ሰውን እንዲህ ሊያውቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

አምስተኛው ቀን ላይ ጨርሻለሁ ብዬ ልወርድ ስል አንሶላው እንደ እብድ ተወዛወዘ። «ጠባሳዋስ?» አለች። «ጠባሳዋን የት ጣልሽው?» ዘጠኝ ዓመትሽ ላይ በእሷ ካውያ የተቃጠልሽውን ማለቷ ነው። ተመልሼ ወጣሁና ሳልኩት። የወንበር ያህል ይሆናል። እዚያ ላይ ስደርስ ከሥር ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው እማዬን አዩዋት። የማን ልጅ መሆንሽን ያወቁት ያኔ ነው። ወፍራሟ ሄዳ ወንበሩን ያዘችላት፣ እንዳትወድቅ።

እጅሽ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ባዶ ቀረ። ምን ትያዝ በሚለው ከሥር ሊጣሉ ነበር። አበባ ያለችም፣ መጽሐፍ ያለችም ነበረች፤ ነርሶቹ ችቦ ይሁን አሉ። እማዬ «ምንም አታስይዧት፣ ትረፍ» አለች። ስለዚህ ምንም አልያዝሽም። ጠዋት ስትነሺ አልጋሽ ላይ እንደምትንጠራሪው፣ እንደዚያ ነሽ፣ አምስት ፎቅ ሙሉ።

አፍሽን አልነካሁትም፣ አንድም ብሩሽ። ወርጄ ቀና ስል ግን ሌላ አፍ ነው። ያው ቁጥር ሠላሳ ስድስት፣ ያው ጥላ፣ ያው ብርሃን፤ አሁን የምትስቂው በራስሽ ነገር ነው። ብዙ ሰዓት ቆሜ አየሁሽ። ጎረምሶቹም ቆመው ያያሉ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፎቶ አስነስቼ እልክልሻለሁ።

ድንቢጥሽ

*

ታኅሣሥ 8 ቀን

ድንቢጥዬ፣

ፎቶውን አትላኪልኝ። ፎቶ ይበቃኛል። የጻፍሽልኝን ይዣለሁ፤ ስፌት ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ስምንት ማሽን ባንዴ ቆመ። ሦስት ዓመት ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ስለ ገመዱ የሰማችው ያኔ ነው። የግራ እጄን አንስታ አየችው።

አንድ ነገር ብቻ ዘለልሽ፣ አውቀሽ እንደዘለልሽውም ገብቶኛል። መልሴን ለእማዬ አነበብሽላት? ምን አለች? ክፉም ቢሆን ንገሪኝ። ጠባሳዬን ማስታወሷና እኔን ይቅር ማለቷ አንድ አይደለም።

እህትሽ

*

ታኅሣሥ 22 ቀን

እትዬ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የምትናገረው ግን እማዬ ናት። ቁጥር ሠላሳ ስድስትን፣ ትንሿን የፎቶ ቁራጭ፣ አብሬ ልኬዋለሁ፤ ፎቶ አትላኪ ብትዪም ይቺ የራስሽ ሳቅ ናት። ዘቅዝቀሽ አትያዣት።

ልጄ፣

ይቺ ድንቢጥ የምለውን እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ። እንዳልኩት ትጻፍ።

መልስሽን ያነበበችልኝ የመጀመሪያው ቀን፣ መወጣጫው ላይ ሳትወጣ በፊት ነው። ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። አፍሬ ነው። ወዳ ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት ግን ያላሰረችሽንም ያልታሰረችውንም እህትሽን ነው። አንቺን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ፣ ያውም ዛሬ ሳይሆን ድሮ፣ ደብዳቤሽ ማጠር ሲጀምር። ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቂኝን ነገር ተይው፤ ተራው የእኔ ነው።

ሌላው ወሬ ጥሩ አይደለም፣ አልደብቅሽም። ድርጅቱ ተናዶ ከሌላ ከተማ ሰው አስመጣና ሥዕሉ ባለቀ በአምስተኛው ቀን ኖራ አስቀባሽ። እህትሽ አለቀሰች፣ እኔ አላለቀስኩም። የተፈታ ሰው ነው የቀቡት። ከሥሩ ማን እንዳለች፣ እጇ የት እንደሆነ፣ ጠባሳዋ የት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መንገዱም ሁሉ ያውቃል።

ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ቀና ብዬ «እንደምን አደርሽ» እላለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን ነበርኩ። አሁን አሥራ አንዳችንም እንላለን። ትናንት አንድ አዲስ የአውቶቡስ ሾፌር አየንና «ማንን ነው ሰላም የምትሉት?» አለኝ። ልጄን ነው አልኩት። አጎንብሶ በመስኮቱ በኩል ያን ነጭ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ አየው። ዕብድ ነሽ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ትልቅ ልጅ ናት» ብሎ መኪናውን አስነሳ።

የእሱ አውቶቡስ ካንቺ አገር በኩል ነው የሚመጣው። ስትመጪ ቀኑን አትጻፊልኝ፣ ቁጥሩንም አትንገሪኝ። በሩ ላይ እቆማለሁ። እኔ ሩቁን አያለሁ።

እናትሽ